ለአንዱ ገጽ አንባቢ የተጻፈው ለሌላው ለምን አይሆንም?

ከአራት ኪሎ የሳይንስ ግቢ ወደ ስድስት ኪሎ ለሚወጣ ተማሪ መንገዱ አጭር ነው። ኮምፒውተር ፊት በመቀመጥ ረገድ ግን በሁለቱ ግቢዎች መካከል ያለው ርቀት ከዚህ ይረዝማል። ሕግ፣ ቋንቋ፣ ታሪክና ሌሎችም የማኅበራዊ ሳይንስ ትምህርቶች የሚሰጡት በስድስት ኪሎ በመሆኑ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ዐይነ ስውራን በአብዛኛው የሚገኙት በዚያው ነው፤ በሳይንስ ዘርፍ ያለን ብዙዎቻችን ኮምፒውተርን በዐይናችን ስናውቀው እነርሱ የሚያውቁት በጆሯቸው ነው። ከዚህም የተነሣ በእነርሱ ዘንድ የዕለት ተዕለት ጉዳይ የሆነ አንድ ጥያቄ በእኛ ዘንድ እምብዛም አይነሣም። ጥያቄውም የሚከተለው ነው፦ ለአንድ ገጽ አንባቢ ፕሮግራም በብዙ ድካም የተዘጋጀ ስክሪፕት ወደ ሌላ ገጽ አንባቢ ሊዛወር ይችላልን?

በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን ከሥሩ ለመመልከት እንሞክራለን። ለመልሱ ትንሽ የፕሮግራም ዕውቀት፣ ትንሽ የታሪክ ዕውቀት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ስለ ራሳችን ፊደል ጥቂት ማወቅን ይጠይቃል።

ስክሪፕት ምንድን ነው?

ገጽ አንባቢ፣ በተለምዶ ስክሪን ሪደር የሚባለው፣ በኮምፒውተሩ መስኮት ላይ ያለውን ነገር በድምፅ ወይም በብሬል ማሳያ የሚያቀርብ ፕሮግራም ነው። ስሙ እንደሚያሳስተው ምስሉን «አይቶ» የሚያነብ አይደለም። ጽሑፉ የተቀመጠበትን ኮድ፣ የአዝራሩን ስም፣ የሳጥኑን ዓይነት ከስርዓተ ክወናውና ከፕሮግራሙ ጠይቆ ይረዳል፤ የተረዳውንም ወደ ንግግር ፕሮግራሙ ያስተላልፋል።

ፕሮግራሙ በሚገባ የተሠራ ከሆነ ይህ ይበቃል። ብዙ ፕሮግራሞች ግን እንዲህ አይደሉም። ለምሳሌ ያህል አንድ የቤተ መጻሕፍት ካታሎግ ፕሮግራም እናስብ። በመስኮቱ ላይ አራት ባዶ ሳጥኖች አሉ፤ ከየሳጥኑ ጎን «ደራሲ»፣ «ርእስ»፣ «ዓመተ ምሕረት»፣ «መለያ ቍጥር» የሚል ተጽፏል። ለዐይን ነገሩ ግልጽ ነው። ፕሮግራሙን የሠራው ሰው ግን ጽሑፉንና ሳጥኑን በኮድ ስላላገናኛቸው ገጽ አንባቢው በአንዱም በሌላውም ሳጥን ላይ የሚለው አንድ ቃል ነው፦ «ኤዲት»። ቀጥሎም «ኤዲት»፣ ከዚያም «ኤዲት»። ፍለጋው ሲያበቃ በግርጌ «12 መጻሕፍት ተገኙ» የሚል ይጻፋል፤ ይህንንም የሚናገር የለም።

ስክሪፕት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። መንገድ የሚመራ ሰው ያየውን ሁሉ አይዘረዝርም፤ ጉድጓዱን ይናገራል፣ የሱቁን ቀለም ይተዋል። ስክሪፕትም ለገጽ አንባቢው «በዚህ ፕሮግራም ውስጥ ስትሆን ይህን ሳጥን ‹ደራሲ› በለው፤ ይህ ቁልፍ ሲመታ የግርጌውን መስመር አንብብ» እያለ የሚያስተምር አጭር ፕሮግራም ነው።

በዚህ ረገድ ረጅም ታሪክ ያለው «ጃውስ» የተባለው ገጽ አንባቢ ነው። መሥራቹ ቴድ ሄንተር የሞተር ብስክሌት ተወዳዳሪ የነበረ አሜሪካዊ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1978 ዓ.ም. በደረሰበት የመኪና አደጋ ዐይኑን አጥቷል። በ1987 ከሸሪኩ ከቢል ጆይስ ጋር ኩባንያ አቋቁሞ በ1989 የመጀመሪያውን ጃውስ ለዶስ፣ በ1995 ደግሞ ለዊንዶውስ አወጣ። ጃውስ የራሱ የሆነ የስክሪፕት ቋንቋ አለው፤ ተጠቃሚው «ኢንሰርት» እና «ዜሮ» ቁልፎችን አብሮ ሲመታ ለሚሠራበት ፕሮግራም ስክሪፕት የሚጽፍበት መስኮት ይከፈትለታል። በዚህ ቋንቋ በዓለም ዙሪያ ለባንክ፣ ለስልክ ማእከል፣ ለሒሳብ ሥራ፣ ለቤተ መጻሕፍት እጅግ ብዙ ስክሪፕቶች ተጽፈዋል።

ይሁን እንጂ ጃውስ የሚሸጥ ሶፍትዌር ነው። ፈቃዱ የሚገኘው በክፍያ ሲሆን ያለ ፈቃድ የከፈተው ሰው ለ40 ደቂቃ ብቻ ይጠቀምበታል፤ ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ማስነሣት ግድ ይሆንበታል። በተቋም ፈቃድ አራት ዓመት የተማረ ወጣት በምረቃው ማግስት በየ40 ደቂቃው ኮምፒውተር እያስነሣ የሥራ ማመልከቻ ሲጽፍ መገመት አያዳግትም።

«ኤንቪዲኤ» የተወለደው ለዚህ ነው። ማይክል ከረን የተባለ አውስትራሊያዊ ዐይነ ስውር ወጣት እ.ኤ.አ. በ2006 ዓ.ም. መጻፍ ጀመረ፤ በልጅነቱ በዐይነ ስውራን ልጆች የሙዚቃ ካምፕ የተዋወቀው ጄምስ ቴህም ተቀላቀለው። ፕሮግራሙ በነጻ ይታደላል፤ ምንጩ ለሁሉም ክፍት ነው፤ በአብዛኛው የተጻፈውም የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎቻችን በሚማሩት በፓይተን ቋንቋ ነው። «ዌብኤም» የተባለው የአሜሪካ ተቋም በ2024 ዓ.ም. ይፋ ባደረገው ዓለም አቀፍ መጠይቅ መሠረት ከመላሾቹ 40.5 በመቶው ዋና ገጽ አንባቢያችን ጃውስ ነው ሲሉ 37.7 በመቶው ኤንቪዲኤ ነው ብለዋል። እንግዲህ ሁለቱ በአቻነት የቆሙ ናቸው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገረውም ሰው ብዙ ነው። ስክሪፕቱስ አብሮት ይሻገራልን?

ሁለት አስተሳሰቦች

አጭሩ መልስ «አይሻገርም» ነው። የጃውስን ስክሪፕት ወስዶ የኤንቪዲኤ ተጨማሪ አድርጎ የሚያወጣ አስተማማኝ ማሽን የለም። ምክንያቱ የቋንቋው መለያየት ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል በሆነ ነበር፤ ከአንድ የፕሮግራም ቋንቋ ወደ ሌላ የሚመልስ መሣሪያ መሥራት የታወቀ ጥበብ ነውና። ችግሩ ሁለቱ ፕሮግራሞች መስኮቱን የሚያስቡበት መንገድ የተለያየ መሆኑ ነው።

ጃውስ ባደገበት ዘመን ፕሮግራሞች ስለ ራሳቸው የሚናገሩት ነገር ጥቂት ነበር። ስለዚህ ጃውስ ዊንዶውስ ወደ ቪዲዮ ካርዱ የሚልከውን የሥዕል ትእዛዝ መንገድ ላይ ጠልፎ የመስኮቱን ግልባጭ በማኅደረ ትውስታ ውስጥ ያስቀምጥ ነበር፦ ይህ ቃል በዚህ ቦታ፣ በዚህ ቀለም፣ በዚህ ፎንት ተጽፏል እያለ። የድሮ ስክሪፕቶች ይህን ግልባጭ እንደ ካርታ ይጓዙበታል። «የጃውስን ጠቋሚ ወደ ግርጌው መስኮት ውሰድ፤ መስመሩን አንብብ፤ ወደ ነበርክበት ተመለስ» ይላሉ። አንዳንዱም «በቀይ የተጻፈውን ፈልግ» ይላል።

ኤንቪዲኤ በመጣ ጊዜ ነገሩ ተለውጦ ነበር። ፕሮግራሞች ስለ ራሳቸው የሚናገሩባቸው ደንበኛ መንገዶች በዊንዶውስ ውስጥ ተዘርግተው ስለነበር ኤንቪዲኤ መስኮቱን የሚያየው እንደ ካርታ ሳይሆን እንደ ትውልድ ሐረግ ነው። ዋናው መስኮት ወላጅ ነው፤ ሳጥኖቹና አዝራሮቹ ልጆቹ ናቸው፤ እያንዳንዱም ስም፣ ዓይነት፣ ይዘትና ሁኔታ አለው። እዚህ ስክሪፕት የሚጽፍ ሰው «ወዴት ልሂድ?» ብሎ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው «የማን ልጅ ነው? ስሙስ ማን ይባል?» ብሎ ነው።

ልዩነቱን በካታሎጋችን ላይ እንየው። የጃውሱ ስክሪፕት «ትኩረቱ ያረፈበት ሳጥን መለያው 1003 ከሆነ ‹ደራሲ› በል» ይል ይሆናል። ይህን ቃል በቃል ወደ ኤንቪዲኤ ብንመልሰው ይሠራል፤ ሆኖም ድምፅ ብቻ ይሆናል። በብሬል ማሳያ የሚያነብ ተጠቃሚ ጣቱ ሥር የሚያገኘው ያው ስም የሌለው ሳጥን ነው። የተሻለው ሳጥኑ በኤንቪዲኤ ዘንድ ገና ሲፈጠር ስሙን «ደራሲ» ብሎ መሰየም ነው። ከዚያ ወዲያ ድምፁም ብሬሉም ራሳቸው ስሙን ይጠሩታል፤ «በል» የሚል ትእዛዝ ጨርሶ አያስፈልግም። ስለዚህ ጥሩ ዝውውር ብዙ ጊዜ ከመነሻው ያጠረ ይሆናል።

እዚህ ላይ የሚያስደስት ነገር አለ፦ 1003 የሚለው ቍጥር የጃውስ ሀብት አይደለም። ቍጥሩን የሰጠው ፕሮግራሙ ሲሆን የሚያውቀውም ዊንዶውስ ነው፤ ኤንቪዲኤም ያንኑ ቍጥር ያገኘዋል። የመስኮቱ የመደብ ስምም እንደዚሁ ነው። የፋይሉ አሰያየም እንኳ ይመሳሰላል፤ በሁለቱም ዘንድ ስክሪፕቱ የሚጠራው በሚያገለግለው ፕሮግራም ስም ነው። እንግዲህ የድሮው ስክሪፕት ጸሐፊ በብዙ ሌሊት ፈልጎ ያገኛቸው ቍጥሮች አይጠፉም። በእኛ አስተያየት የማንኛውም የጃውስ ስክሪፕት ዋና ሀብት ይህ ነው፤ ትእዛዞቹ ቅርፊት ናቸው።

ይህ ሀብት የሚገኘው ግን ምንጩ ካለ ነው። የጃውስ ስክሪፕት በሁለት መልክ ይቀመጣል፤ አንዱ ሰው የሚያነበው ምንጭ ሲሆን ሁለተኛው ለማሽኑ የተቀናበረው ነው። ለመሥራት ሁለተኛው ብቻ ይበቃዋል። ከዚህ የተነሣ የተቀናበረው ፋይል ብቻ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥ ይኖርና ዓመታት አልፈው ምንጩ ሲፈለግ አይገኝም። ያን ጊዜ የሚቀረው ጃውስን ከፍቶ እያንዳንዱን ቁልፍ እየመቱ ምን እንደሚናገር በወረቀት መመዝገብ ነው። እርግጥ ምንጩ ቢኖርም ይህን ማድረግ አይከፋም። አንዳንዱ ስክሪፕት ያደርገው የነበረውን ኤንቪዲኤ ከመጀመሪያውም ያውቀዋል፤ የግርጌውን መስመር ማንበብ ለምሳሌ «ኢንሰርት» እና «ኤንድ» የሚባሉትን ቁልፎች በመምታት ብቻ ብዙ ጊዜ ይገኛል። ማንም ሰው መስመር ከመጻፉ በፊት የትኛው ሥራ ቀድሞ እንደተሠራ መፈተሽ ይኖርበታል።

ፓይተን አውቃለሁ ብሎ ለሚጀምር ተማሪ ሁለት ወጥመዶች አሉ። የመጀመሪያው ዝምታ ነው። ትኩረት ከሳጥን ወደ ሳጥን ሲዘዋወር ኤንቪዲኤ የሚያደርገውን ነገር ስክሪፕቱ ሊጠልፍ ይችላል፤ ሥራውን ሲጨርስ ግን «ቀጣዩ ይቀጥል» ብሎ ማስተላለፍ አለበት። ይህች አንዲት መስመር ከተረሳች ፕሮግራሙ ዲዳ ይሆናል። የስሕተት መልእክት አይወጣም፤ ድምፅ ብቻ ይጠፋል። ለሚያይ ሰው መስኮቱ ድንገት ጨለመ እንደ ማለት ነው። ሁለተኛው ወጥመድ ጊዜ ነው። በጃውስ ስክሪፕት «ግማሽ ሴኮንድ ቆይተህ አንብብ» ማለት የተለመደ ነው። ያንኑ በፓይተን እንቅልፍ ትእዛዝ ብንጽፈው የሚተኛው ስክሪፕቱ ብቻ ሳይሆን ኤንቪዲኤ ራሱ ነው፤ ንግግሩም ቁልፎቹም በአንድ ዋና ክር ላይ ስለሚሄዱ። መቆየት ሲያስፈልግ ሥራውን ለኋላ ቀጠሮ ሰጥቶ መመለስ ነው እንጂ መተኛት አይፈቀድም።

በአሁኑ ጊዜ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራሞች የጃውስን መስመር ወደ ፓይተን መስመር ሊመልሱ እንደሚችሉ እናውቃለን። የሚመልሱት ግን መስመሩን ነው፤ ከላይ እንዳየነው መስመሩ በመስመር መመለሱ ራሱ የተሻለው መንገድ አይደለም። ውጤቱንም በጆሮ የሚፈትን ሰው ይፈለጋል።

በቀላሉ የሚዛወር ነገር ቢኖር የአነባበብ መዝገበ ቃላት ነው። የጃውሱ በእያንዳንዱ መስመር ቃሉንና ሊነበብ የሚገባውን በነጥብ ለይቶ ያስቀምጣል፤ የኤንቪዲኤው ደግሞ በታብ ይለያል። አሥር መስመር ፓይተን የሚጽፍ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ይህን በአንድ ከሰዓት በኋላ ይጨርሰዋል።

የአማርኛው ጣጣ

እስካሁን የተናገርነው ለማንኛውም ቋንቋ ይሆናል። በስድስት ኪሎ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ወይም ሕግ ለሚያጠና ዐይነ ስውር ግን ዋናው ችግር ከዚህ ይጀምራል።

ዩኒኮድ የኢትዮጵያን ፊደል የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1999 ዓ.ም. በሦስተኛው እትሙ ነው። ከዚያ በፊት፣ በተግባር ደግሞ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ አማርኛ ይጻፍ የነበረው የላቲን ፊደላትን ቦታ በተዋሱ ፎንቶች ነበር። ዐይን «ሰላም» ያያል፤ በፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው ግን ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ድርድር ነው። አንድ ባይት 256 ቦታ ብቻ ስላለውና ፊደላችን ከዚያ ስለሚበልጥ አንዳንዶቹ ፊደሉን በሁለት ፎንት ከፍለውታል፤ ሌሎቹም ቅጥያዎችን ለብቻ እያስቀመጡ ገጣጥመውታል። ገጽ አንባቢ የሚያነበው ኮዱን እንጂ ቅርጹን ስላልሆነ በዚህ መንገድ የተጻፈ ጽሑፍ በጆሮ ሲሰማ የተበላሸ እንግሊዝኛ ይመስላል።

መፍትሔው በስክሪፕት ሊፈለግ ይችላል፦ ፎንቱ የድሮው ከሆነ እያንዳንዱን ኮድ በሠንጠረዥ ወደ ዩኒኮድ ለውጠህ ተናገር ማለት ነው። ሁለቱም ገጽ አንባቢዎች የፎንቱን ስም ማወቅ ስለሚችሉ ሠንጠረዡ እንዳለ ይዛወራል፤ የሚቀሰቅሰው ክፍል ብቻ እንደገና ይጻፋል። ይሁንና እኛ ይህን መንገድ አንመክርም። ፋይሎቹን አንድ ጊዜ ወደ ዩኒኮድ መቀየር ለዘለቄታው ይበጃል፤ ፍለጋውም፣ ብሬሉም፣ ኅትመቱም አብሮ ይቃናልና።

ፊደሉ በዩኒኮድ ሲቀመጥ ለስክሪፕት ጸሐፊ የሚያመች ሥርዐት ይዟል። «ሀ» 4608ኛው ኮድ ላይ ይጀምራል፤ እያንዳንዱ ቤት ስምንት ስምንት ቦታ ይይዛል። «ቤ» 4708 ነው። 4608 ሲቀነስለት 100 ይቀራል፤ 100 ለስምንት ሲካፈል 12 ደርሶ 4 ይተርፋል። ከዜሮ ብንቈጥር 12ኛው ረድፍ የ«በ» ቤት ነው፤ ግእዝን ዜሮ ካልን 4 ማለት ኀምስ ነው። አንድ የማካፈል ስሌት «የበ ኀምስ» ብሎ እንዲናገር ያደርገዋል።

ነገር ግን የሚከብደው ድምፃቸው አንድ የሆነው ፊደላት ናቸው። «ሠረቀ» ወጣ፣ በራ ነው፤ «ሰረቀ» ሌብነት ነው። «ሠዐለ» ሥዕል ሠራ፤ «ሰአለ» ለመነ። ለጆሮ ግን ሁለቱም ጥንዶች አንድ ናቸው። የሚያይ ተማሪ ስሕተቱን በዐይኑ ያርማል፤ ዐይነ ስውሩ ግን ፊደል በፊደል ቢያነብ እንኳ የሚሰማው «ሰ» ነው። መምህሩ በቀይ ሲያሰምሩበት የቱ ላይ እንደሆነ ራሱ አይሰማውም።

የሚገርመው ለዚህ መድኀኒቱ የቆየ መሆኑ ነው። የቀለም ተማሪዎች ከጥንት ጀምሮ እነዚህን ፊደላት በስም ይለዩአቸዋል፦ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፤ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ፤ አልፋው አ፣ ዐይኑ ዐ፤ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ። ኤንቪዲኤ ለየቋንቋው የፊደል መግለጫ የሚባል ተራ የጽሑፍ ፋይል ይቀበላል። በእያንዳንዱ መስመር ፊደሉ፣ ታብ፣ ከዚያም መግለጫው ይጻፋል። ተጠቃሚው ፊደል የሚያነበውን ቁልፍ አንድ ጊዜ ሲመታ ድምፁን፣ ሁለት ጊዜ ሲመታ መግለጫውን ይሰማል። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ለ«ኤ» «አልፋ» የሚለውን በሚሰማበት ቦታ የእኛው ሰው «ንጉሡ ሠ» ይሰማል ማለት ነው። ይህን ለማድረግ ፓይተን እንኳ አያስፈልግም።

ንግግሩን የሚያመነጨው «ኢስፒክ» የተባለው ነጻ ፕሮግራም ከኤንቪዲኤ ጋር አብሮ የሚመጣ ሲሆን አማርኛንም ያነባል። ድምፁ ደረቅ ነው፤ ለረጅም ንባብ ልማድ ይጠይቃል። ከዚህም በላይ ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ «አለ» የሚለው ተናገረ ይሁን ወይስ ይገኛል፣ «ይበላል» በላተኛው ይሁን ወይስ ምግቡ፣ ማሽኑ ሊያውቅ አይችልም። ማይክሮሶፍት መቅደስና አምሃ ብሎ የሰየማቸው የአማርኛ ድምፆች ለጆሮ የሚጥሙ ቢሆኑም የሚመነጩት በኢንተርኔት በኩል ነው፤ ቁልፍ በመታ ቅጽበት መልስ ለሚጠብቅ ገጽ አንባቢ ይህ አይመችም። ጃውስ ለረጅም ጊዜ የታወቀበት «ኤሎኩዌንስ» የተባለው ድምፅ ደግሞ አማርኛ አያውቅም። በብሬል በኩል ነገሩ ይሻላል፤ ኤንቪዲኤ የሚጠቀምበት «ሊብሉዊ» የተባለ ነጻ ሥራ የኢትዮጵያ ብሬል ሠንጠረዥ አለው።

ከስድስት ኪሎ ከወጡ በኋላ

ስክሪፕት የማዛወር ጉዳይ የዕውቀት ጨዋታ ብቻ እንዳልሆነ የሚታየው በሥራ ቦታ ነው። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚመለከተው አዋጅ ቍጥር 568/2000 ለሥራው ተስማሚ የሆነ ሁኔታና መሣሪያ የማሟላት ኀላፊነት በአሠሪው ላይ ጥሏል። አሠሪው ኮምፒውተር ሊሰጥ ይችላል። የመሥሪያ ቤቱ የመዝገብ ፕሮግራም ስም የሌላቸው ሃያ ሳጥኖች ካሉት ግን የሕግ ምሩቁ የሚሰማው ሃያ ጊዜ «ኤዲት» ነው።

የገጽ አንባቢም ዕድሜ ዘላለማዊ አይደለም። «ዊንዶው አይስ» የተባለው፣ ከጃውስ ጋር ለብዙ ዓመታት የተፎካከረው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2017 ዓ.ም. ሽያጩ ቆመ፤ ጃውስን የሚሸጠው ድርጅት ገዝቶት ነበርና። ተጠቃሚዎቹ ወደ ጃውስ እንዲሻገሩ ተደረገ፤ ስክሪፕቶቻቸው ግን በዚያው ቀሩ። ክፍት መሆንም ከዚህ ሁሉ አያድንም። ኤንቪዲኤ እ.ኤ.አ. በ2020 ዓ.ም. መጀመሪያ በወጣው እትሙ ከፓይተን 2 ወደ ፓይተን 3 ሲሸጋገር ያልታደሱ ተጨማሪዎች ሥራቸውን አቁመዋል። በየዓመቱ የመጀመሪያው እትምም ነባር ተጨማሪዎች እንደገና እንዲፈተኑ ሊያስገድድ ይችላል። ልዩነቱ ምንጩ ክፍት በመሆኑ የመጀመሪያው ጸሐፊ ባይኖር እንኳ ሌላ ሰው ሊያድሰው መቻሉ ነው።

ለጀማሪ አንድ ማሳሰቢያ እንጨምር። የኤንቪዲኤ ተጨማሪ በኮምፒውተሩ ላይ የፈለገውን ማድረግ የሚችል ፕሮግራም ነው፤ የሚያግደው አጥር የለም። ከማይታወቅ ሰው የተገኘን ተጨማሪ መጫን የቤትን ቁልፍ እንደ መስጠት ይቈጠራል።

ተጨማሪው ራሱ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ፎቶግራፍ ያነሰ መጠን ያለው የታሸገ ፋይል ነው። ኤንቪዲኤም ሳይጫን ከፍላሽ ላይ ይሠራል፤ ቅንብሩን፣ የፊደል መግለጫውን፣ ለካታሎጉ የተጻፈውን ስክሪፕት ሁሉ በዚያው ይዞ። ዐይነ ስውሩ ተማሪ ፍላሹን በማንኛውም የቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ ሥራውን ይጀምራል፤ የማያነብለት ዊንዶውስ የይለፍ ቃል የሚጠይቅበትን የመግቢያ ገጽ ነው፤ እዚያ ድረስ የሚያደርሰው ሌላ ሰው ወይም ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው «ናሬተር» ይሆናል።